ድጋሚ የቀለጠ ብረት እሳት ላይ ለምን ይሰነጠቃል?

ጎንደር ውስጥ ግንባታው ደርቷል። የኮሪደር ልማቱ በአንድ በኩል፣ አዘዞና ማራኪ አካባቢ የሚነሱት የግል ቤቶች በሌላ በኩል ከተማዋን ቀን ከሌት ያስጮኋታል። ግንባታ ባለበት ደግሞ የፌሮ ወሬ አይጠፋም። አንዱ «ይሄ ከውዳቂ የቀለጠ ነው፣ ስታጥፈው ቀጭ ይላል» ይላል። ሌላው «ብረት ብረት ነው፣ ቢቀልጥ ምን ይሆናል?» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ የራሱን ያክልበታል። ገዢው ግራ እንደገባው ከፍሎ ይሄዳል።

ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ብረት መቅለጡ በራሱ አያደክመውም። ደጋግሞ ቢቀልጥም ብረትነቱን አይለቅም። ችግሩ አብሮት የሚቀልጠው ነገር ነው። የሞተር ሽቦ፣ የጣሳ ልባጥ፣ የአሮጌ ራዲያተር ቁራጭ ከብረቱ ጋር ምድጃ ይገባሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ፣ በተለይ መዳብ፣ አንዴ ከገቡ አይወጡም። ጣጣቸውም ጎልቶ የሚታየው ብረቱ ግሎ ሲዳመጥ ወይም ሲቀጠቀጥ ነው።

ጉዳዩ የብረት ፋብሪካዎች ብቻ አይደለም። የጎንደር ውዳቂ ብረት በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፣ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። መሀል ላይ የሚሆነውን ማወቅ ለሚገነባውም፣ ለሚቀጠቅጠውም፣ ውዳቂ ለሚሰበስበውም ይጠቅማል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ችግሮች

በወሬ «የማይረባ ፌሮ» የሚባለው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

የመጀመሪያው በቀዝቃዛው ሲታጠፍ የሚሰበር ፌሮ ነው። እዚህ ላይ ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች የካርቦን፣ የፎስፎረስና የናይትሮጅን መብዛት ናቸው። ሠራተኛው በጣም ቀጭን ነገር ላይ ጠምዝዞ ሲያጥፈውም ደህናው ፌሮ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛው ልኩ ያልሞላ ፌሮ ነው። ባለ 12 ተብሎ ተሸጦ ሲለካ 11 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሸክም የሚችለው ግን ፌሮው ሲቆረጥ የሚታየው ክብ ገጽ ስፋት ነው። ሲሰላ 16 በመቶ ገደማ ጎድሏል ማለት ነው። ይህ ከመቅለጥም ሆነ ከመዳብ ጋር አይገናኝም። የልክ ማጉደል ነው።

ሦስተኛው ብረቱ በጋለበት ሰዓት ገጹ ላይ የሚፈጠር ስንጥቅ ነው። ሙያተኞች «ሆት ሾርትነስ» ይሉታል። ግሎ ሊለጠጥ የሚገባው ብረት ግሎ ሳለ ሲሰነጠቅ ማለት ነው። ከድጋሚ መቅለጥ ጋር በቀጥታ የሚያያዘው ይህ ሦስተኛው ነው።

ሦስቱ ሲደባለቁ ጉዳት አለው። ልክ ያጎደለው ሻጭ «ቅልጥ ስለሆነ ነው» በሚል ሰበብ ይድናል። ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ ማቅለጫ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይታማል።

እሳቱ የሚያወጣውና የማያወጣው

ብረት ሲቀልጥ ከውስጡ ቆሻሻ የሚወጣው በዋናነት በኦክስጅን ነው። የቀለጠው ብረት ላይ ኦክስጅን ሲነፋበት፣ ከብረት ይልቅ ለኦክስጅን የቀረቡት ንጥረ ነገሮች ቀድመው ይቃጠላሉ። አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ማንጋኒዝ እንዲህ ናቸው። ኖራ ከታከለበት ፎስፎረስም አብሮ ይሄዳል። ሁሉም ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ የቀለጠ ዝቃጭ ይሆናሉ። ዝቃጩ ስላግ ይባላል፤ ተገፎ ይጣላል።

የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚለበጥበት ዚንክ ሌላ መንገድ አለው። በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ተንኖ ይወጣል። ለብረቱ ጥራት መልካም ነው። ጭሱን ለሚተነፍስ ሠራተኛ ግን ሌላ ጉዳት ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

መዳብ፣ ቲን፣ ኒኬል፣ አርሴኒክና አንቲሞኒ ግን አይወጡም። ቲን የምግብ ጣሳ የሚለበጥበት ነጭ ብረት ነው። አንቲሞኒ ደግሞ በአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ ውስጥ ይገኛል። ኦክስጅን እነዚህን ከመንካቱ በፊት ብረቱን ይበላል። እነሱን አቃጥሎ ለማስወጣት መሞከር ብረቱን ራሱን አቃጥሎ መጨረስ ነው። መዳብ፣ ቲንና ኒኬል የሚፈሉበት ሙቀትም ከፍተኛ ስለሆነ ተንነው አይሄዱም። ጨው የበዛበት ወጥ እንደማለት ነው፤ ያለው ምርጫ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ብቻ ነው።

መጠኑን በቁጥር እንየው። 10 ቶን ብረት በሚያቀልጥ ምድጃ ውስጥ 40 ኪሎ መዳብ ከገባ ድርሻው 0.4 በመቶ ይሆናል። 40 ኪሎ መዳብ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ተራ የነዳጅ መኪና ብቻውን ከ20 ኪሎ ያላነሰ መዳብ በሽቦና በሞተር መልክ ይይዛል። ሁለት መኪና ሳይፈታ እንዳለ ተጨፍልቆ ቢገባ ሞላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የምድጃው ዓይነት ይነሳል። ሁለት ዓይነቶች አሉ። አርክ ምድጃ በትልልቅ የካርቦን ዘንጎችና በብረቱ መካከል በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀልጣል። ኦክስጅን ይነፋበታል፣ ኖራ ይገባበታል፣ ብረቱን ያጠራል። ኢንዳክሽን ምድጃ በመዳብ ጥቅልል ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ያቀልጣል። ዋጋው ይረክሳል፣ ለአነስተኛ ፋብሪካ ይመቻል፤ የማጣራት አቅሙ ግን ትንሽ ነው። የገባው ነገር ከሞላ ጎደል እንዳለ ይወጣል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 ውዳቂ በኢንዳክሽን እያቀለጡ ጥራቱ ያልተጠበቀ ፌሮ የሚያመርቱትን ምድጃዎች በዘመቻ የዘጋችው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን አብሮ ሊነገር ይገባል። አርክ ምድጃ ፎስፎረስን ያወጣል፤ መዳብን አያወጣም። በመዳብ ጉዳይ ውዱም ርካሹም ምድጃ እኩል አቅመ ቢስ ናቸው። «ምድጃ እንቀይር» የሚለው ሐሳብ ለብዙ ነገር ጥሩ ነው። ለዚህኛው ግን አይበጅም።

ስንጥቁ የሚፈጠርበት መንገድ

መጀመሪያ የሚገርመውን ነገር ልብ በሉ። 0.3 በመቶ መዳብ በብረቱ ውስጥ እኩል ተበታትኖ ቢቀመጥ ምንም አያመጣም። ትኩስ ብረት በ1100 ዲግሪ አካባቢ 8 በመቶ ገደማ መዳብ አሟሙቶ መያዝ ይችላል። 0.3 በመቶ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም። ታዲያ ስንጥቁ ከየት ይመጣል?

መልሱ ያለው ቅርፊቱ ውስጥ ነው። ፌሮ ለመሥራት መጀመሪያ የቀለጠው ብረት በግንድ መልክ ይረጋል። ይህ ግንድ ቢሌት ይባላል። ቢሌቱ ማሞቂያ ምድጃ ገብቶ ከ1100 እስከ 1250 ዲግሪ ይግላል። ከዚያ በመዳመጫ ጥቅልሎች መካከል እያለፈ ይቀጥናል። ማሞቂያው ውስጥ አየር አለ። የብረቱ ገጽ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ከቢሌቱ ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ወደ ቅርፊትነት ይለወጣል።

ቅርፊት የሚሆነው ግን ብረቱ ብቻ ነው። በዚያ ንብርብር ውስጥ የነበረው መዳብ አይቃጠልም። ወደ ቅርፊቱም አይገባም። ወደ ኋላ እየተገፋ ከቅርፊቱ ሥር፣ ገና ባልተቃጠለው ብረት ገጽ ላይ ይጠራቀማል። ብረቱ በተቃጠለ ቁጥር መዳቡ ይከማቻል። ወደ ብረቱ ውስጥ ተመልሶ ለመሰራጨት ይሞክራል፤ መሰራጨቱ ግን አዝጋሚ ነው፣ መቃጠሉ ይቀድመዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 0.3 በመቶ መዳብ ካለበት ብረት 1 ሚሊሜትር ውፍረት ተቃጥሎ ቅርፊት ቢሆን፣ የሚቀረው መዳብ ሁሉ ገጹ ላይ ቢሰበሰብ 2.6 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ንጹሕ የመዳብ ንጣፍ ይሠራል። ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ ለጉዳት ግን ይበቃል።

መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ነው። ማሞቂያው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ የተጠራቀመው መዳብ ብረቱ የሚችለውን መጠን ሲያልፍ ፈሳሽ ይሆናል። ብረት ደግሞ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከብዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተገጣጠመ ነው። ፈሳሹ መዳብ በእነዚህ ቅንጣቶች መገጣጠሚያ ድንበር ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ድንበሩን የያዘው ጠንካራ ትስስር በፈሳሽ ንጣፍ ይተካል። በዚህ ሁኔታ ብረቱ መዳመጫው ሥር ሲገባና ገጹ ሲለጠጥ፣ መገጣጠሚያዎቹ ይከፈታሉ። ስንጥቅ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። ስንጥቁ የገጽ ስንጥቅ ነው፤ የብረቱን ልብ አይነካም። የሚፈጠረውም ፋብሪካው ውስጥ ነው፤ ግንባታ ቦታ አይደለም። የሙቀቱ ጉዳይ ደግሞ ውስብስብ ነው። ከ1085 በታች ንጹሑ መዳብ ስለማይቀልጥ አደጋው ይቀንሳል። ከ1200 በላይም ይቀንሳል። ምክንያቱም በዚያ ሙቀት መዳቡ ወደ ውስጥ ቶሎ ይሰራጫል፣ ከፊሉም ቅርፊቱ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። መጥፎው መሀል ያለው ነው። ብረቱን በዚያ መሀል ሙቀት ለረጅም ጊዜ አቆይቶ መዳመጥ ስንጥቁን መጋበዝ ነው። ምድጃውን በደንብ የሚቆጣጠር ፋብሪካ ያንኑ ውዳቂ ይዞ የተሻለ ፌሮ የሚያወጣው ስለዚህ ነው።

ቲን ያባብሳል፣ ኒኬል ያስታግሳል

መዳብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ቲን ሲጨመርበት ይከፋል። ቲን ራሱ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ከመዳብ ጋር ሲዋሃድ ነሐስ ይሆናል፤ ነሐስ ደግሞ ከንጹሕ መዳብ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ነሐስ ለመድፍና ለደወል የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በቀላሉ ይፈስሳል።

ብረት ገጽ ላይ ሲሆን ግን ያው ጠባይ መከራ ያመጣል። ከ1085 በታች እንኳ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ቲን በተጨማሪ ብረት ሊያሟሟ የሚችለውን የመዳብ መጠን ስለሚቀንስ፣ መዳቡ ቶሎ ተርፎ ይወጣል። አንቲሞኒም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ የምግብ ጣሳ ሳይለይ ከሽቦ ጋር አብሮ ሲቀልጥ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ብቻ አይሆንም፤ አንዱ የሌላውን ያከፋዋል።

ኒኬል ተቃራኒው ነው። የመዳቡን መቅለጫ ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ብረቱም ተጨማሪ መዳብ እንዲይዝ ያግዛል። የመዳቡን ግማሽ ወይም እኩል የሚሆን ኒኬል ካለ ስንጥቁ በጣም ይቀንሳል። ነገር ግን ኒኬል ውድ ነው። ለፌሮ ብሎ ኒኬል የሚጨምር ፋብሪካ ማግኘት ይከብዳል። ሲሊከንም በመጠኑ ይረዳል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ የራሱ የቅርፊት ጣጣ ግን አለው።

ድኝ፦ መፍትሔ የተገኘለት የድሮ ችግር

ግሎ የሚሰነጠቅ ብረት አዲስ ነገር አይደለም። ከመዳብ በፊት ዋናው ተጠያቂ ድኝ ነበር። ድኝ ከብረት ጋር ሲዋሃድ በ988 ዲግሪ የሚቀልጥ ድብልቅ ይሠራል። ያም በቅንጣቶች ድንበር ላይ ይሰለፋል። ውጤቱ አንድ ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር እ.ኤ.አ. በ1856 በአየር እየነፋ ብረት በብዛት የሚያጠራበትን ዘዴ ሲያስተዋውቅ፣ ዘዴውን የገዙ ፋብሪካዎች ብረታቸው እየተሰነጠቀ አስቸገራቸው። መላውን ያመጣው ሮበርት ሙሼት ነው። ማንጋኒዝ ጨመረበት። ማንጋኒዝ ድኙን ከብረቱ ቀድሞ ይይዘዋል። የሚፈጠረው ውሁድ የሚቀልጠው ከ1600 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በመዳመጫ ሙቀት ፈሳሽ አይሆንም። ዛሬም ብረት ውስጥ ማንጋኒዝ የማይቀረው ለዚህ ጭምር ነው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። «ድሮም ይሰነጠቅ ነበር፣ መፍትሔ ተገኘለት፣ ለመዳብም ይገኝለታል» የሚሉ አሉ። ተስፋቸው ክፉ አይደለም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ድኝን የሚይዝለት ርካሽ ንጥረ ነገር ተገኘ። ለመዳብ እስካሁን እንዲህ ያለ የለም። ከቀለጠ ብረት መዳብን በባዶ አየር አትንኖ ወይም በድኝ ድብልቅ ስቦ የማውጣት ሙከራዎች ከቤተ ሙከራ ወጥተው በሰፊው ሥራ ላይ አልዋሉም። ስለዚህ መዳቡን ምድጃ ሳይገባ መያዝ ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ስንት መዳብ ይበዛል?

እንደ ዕቃው ይለያል። ለመኪና አካል የሚሆን በጣም የሚለጠጥ ላሜራ 0.06 በመቶ ገደማ ብቻ ይታገሣል። ፌሮ እስከ 0.4 በመቶ ድረስ ብዙ ሳያስቸግር ይዳመጣል። ለዚህ ነው ፌሮ በዓለም ዙሪያ የውዳቂ ብረት ማረፊያ የሆነው። ሌላው የማይቀበለውን እሱ ይቀበላል።

የአውሮፓ የፌሮ ደረጃ ኢኤን 10080 ለሚበየድ ፌሮ መዳብን እስከ 0.80 በመቶ ይፈቅዳል። ይህ ቁጥር የሚያሳየን አንድ ትልቅ ነገር አለ። ፌሮው ሳይሰነጠቅ ተዳምጦ ከወጣ፣ ውስጡ ያለው መዳብ ቀዝቃዛው ላይ ብዙም አያሰጋም። እንዲያውም ጥንካሬውን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ኮርተን የሚባለው ዝገት የሚቋቋም ብረት ሆን ተብሎ ከ0.25 እስከ 0.55 በመቶ መዳብ ይጨመርበታል።

ስለዚህ «መዳብ ያለበት ብረት መርዝ ነው» የሚለው ክርክር ከልክ ያለፈ ነው። በሌላ በኩል «ደረጃው 0.80 ከፈቀደ ምን ያስጨንቃል?» የሚለውም ሙሉ አይደለም። ደረጃው የሚናገረው ስላለቀው ዕቃ ነው። እዚያ ለመድረስ ፋብሪካው ምን ያህል ቢሌት ሰንጥቆ እንደጣለ፣ ገጹ ተሰንጥቆ ያለፈ ፌሮ ስንት እንደሆነ አይነግረንም። ቲን ምን ያህል እንዳለበትም አይጠይቅም። እኔ የሚታየኝ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። መዳብንና ቲንን አንድ ላይ ያልቆጠረ ገደብ ግማሽ ገደብ ነው።

ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት ነው?

መዳብ ያመጣው ስንጥቅ በዓይን ሊታይ ይችላል። የፌሮው ገጽ ላይ ተሻጋሪ ጭረቶች፣ የዓሣ ቅርፊት የሚመስሉ የተነሱ ጠርዞች፣ የተላጡ ቦታዎች ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ፌሮ መመለስ ተገቢ ነው። ስንጥቁ ሸክሙ የሚጠራቀምበት ቦታ ይሆናል። ዝገትም እዚያ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር አለ። ቤቱ እሳት ቢነሳበት ከውዳቂ የተሠራው ፌሮ ቀድሞ ይሰነጠቃል ወይ? ይህ ስጋት ቦታው አይደለም። ማንኛውም ፌሮ ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ጥንካሬውን በግማሽ ገደማ ያጣል። መዳብ ከመቅለጡ ብዙ በፊት ማለት ነው። በእሳት ጊዜ ፌሮውን የሚያድነው በላዩ ያለው የኮንክሪት ሽፋን ውፍረት ነው። ኮለኑ ሲሞላ ስታፋው፣ ማለትም ዋናዎቹን ፌሮዎች የሚያቅፈው ቀለበት፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ከነበረ፣ የፈለገውን ያህል ንጹሕ ብረት ቢሆን ለእሳት ተጋልጧል።

ከመዳብ በላይ ሊያሳስብ የሚገባው ፌሮን በእሳት አሙቆ ማጠፍ ነው። በየግንባታው ወፍራም ፌሮ አልታጠፍ ሲል ከሰል ላይ ወይም በጋዝ ማጋል የተለመደ ነው። በዚህ ዘመን አብዛኛው ፌሮ ከመዳመጫ ሲወጣ ውሃ ተረጭቶበት ገጹ የጠነከረ፣ ልቡ የለሰለሰ ነው። ጥንካሬው ያለው በዚያ የውጭ ንብርብር ላይ ነው። መልሶ ማጋል ያንን ያጠፋዋል። ፌሮው በደንብ ይታጠፋል፤ የሚችለው ሸክም ግን የተጻፈበት ያህል አይሆንም። ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ፌሮ መበየድም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካርቦኑ ከበዛ በብየዳው ዳር ይሰነጠቃል።

ባለ እጆች ዘንድ

ጎንደርና አካባቢዋ ብረት መቀጥቀጥ ጥንታዊ ሙያ ነው። ወለቃ በባለ እጆቿ ስሟ የታወቀ ነው። ዛሬ ማረሻ፣ መጥረቢያና ማጭድ የሚወጣው በአብዛኛው ከመኪና ውዳቂ ነው። ባሌስትራ ተመራጭ ነው፤ ካርቦኑ በቂ ስለሆነ ስለት ይይዛል።

ባለ እጆች ውዳቂውን ሳያቀልጡ ስለሚጠቀሙበት አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው። የባሌስትራው ብረት ከሽቦ ጋር አልተደባለቀም። የከሰል እሳትም ድኝ የለውም ማለት ይቻላል። ይህ በአውሮፓ የድንጋይ ከሰል ይጠቀሙ የነበሩ አንጥረኞች ያላገኙት ጸጋ ነው።

አደጋው የሚመጣው መዳብ ወይም ነሐስ ምድጃው ውስጥ ሲገባ ነው። በነሐስ የተበየደ ቧንቧ፣ የተጣበቀ የሽቦ ቁራጭ፣ ከራዲያተር የተረፈ ብጣሽ ከሰሉ ላይ ቢቀልጥ፣ በወናፍ በጋለው ብረት ገጽ ላይ ይለጠፋል። ፋብሪካው ውስጥ ሰዓታት የሚፈጀው ክምችት እዚህ በቅጽበት ይሆናል። መዶሻ ሲያርፍበት ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ብረት እሳት ላይ ለማያያዝ ቢሞከርም አልያያዝ ይላል። ስለዚህ ነሐስ የሚሠራበትንና ብረት የሚቀጠቀጥበትን ምድጃ መለየት፣ ቢያንስ አመዱንና ዝቃጩን ጠርጎ ከሰሉን መቀየር፣ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

መፍትሔው ላይ ያለው ክርክር

ውዳቂ ማቅለጥ ይቁም የሚል ሰው አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ አያስኬድም። ኢትዮጵያ ሰቆጣና ቢቅላልን በመሰሉ ቦታዎች የብረት ማዕድን ቢኖራትም፣ ከማዕድን ብረት በስፋት እያመረተች አይደለም። ውዳቂ ከሌለ ያለው ምርጫ በውጭ ምንዛሪ መግዛት ነው። ከማዕድን በድንጋይ ከሰል የሚመረት አንድ ቶን ብረት ደግሞ ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከውዳቂ ሲቀልጥ ከ1 ቶን በታች ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ጨምሮ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመጣ፣ እዚህ የሚቀልጥ ውዳቂ ከዚያም ያነሰ ሊለቅ ይችላል። ውዳቂ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ማቅጠን ነው። ውዳቂውን ከማዕድን ከተመረተ አዲስ ብረት ጋር መቀላቀል። ግማሽ በግማሽ ቢቀላቀል መዳቡ በግማሽ ይወርዳል። ይሠራል፤ ግን ያ አዲስ ብረት ከውጭ መምጣት አለበት። የሰቆጣ ማዕድን አንድ ቀን ሥራ ላይ ቢውል የመጀመሪያ ጥቅሙ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መለየት ነው። እኔ ሚዛን የሚደፋልኝ ይህ ነው። ሰብሳቢዎች፣ አዲስ አበባ ላይ ቆራሌው የሚባሉት ዓይነት፣ መዳብን መለየት ማንም አላስተማራቸውም፤ ዋጋው ያስተምራል። መዳብ በኪሎ ከብረት እጅግ ስለሚበልጥ ትልልቁ ሽቦ አይጠፋቸውም። የሚያመልጠው ትንንሹ ነው። የአሮጌ ቬንትሌተር ሞተር፣ የመኪና ማስነሻ ሞተርና ዲናሞ፣ የፍሪጅ ኮምፕረሰር። እነዚህ ውጫቸው ብረት፣ ሆዳቸው መዳብ ነው። መፍታት ጊዜ ይፈጃል። እንዳለ በብረት ዋጋ ሲሸጡ ማግኔት ይስባቸዋል፣ ምድጃ ይገባሉ።

አብዛኞቹ ማቅለጫዎች አዲስ አበባና ዙሪያዋ ናቸው። ከጎንደር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ጫኙ የሚከፈለው በክብደት እስከሆነ ድረስ ሞተሩን ፈትቶ ክብደት የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። ዋጋው በንጽሕና ደረጃ ቢከፋፈል፣ ሞተርና ጣሳ የተለየበት ውዳቂ ጥቂት ብር ቢጨመርለት፣ መለየቱ ለሰብሳቢው ሥራ ይሆንለታል። በሌሎች አገሮች ውዳቂ በደረጃ ተከፋፍሎ የሚሸጠው በዚህ ስሌት ነው። ግን ሽቦን በእሳት እያቃጠሉ ፕላስቲኩን ማውጣት መለየት አይባልም። ጭሱ ለሰብሳቢውም ለሰፈሩም መርዝ ነው።

የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚዎች «ድሃውን ሰብሳቢ ሌላ ሸክም ትጭኑበታላችሁ፣ ፋብሪካው ራሱ ይለይ» ይላሉ። ተገቢ ነጥብ ነው። ነገር ግን ከተጨፈለቀ በኋላ መለየት ከባድና ውድ ነው። ሞተሩ ሙሉ ሆኖ መዶሻ ባለበት ቦታ የሚገኘው ሰፈር ውስጥ ነው። ክፍያው ፋብሪካው ላይ፣ ሥራው ሰፈር ላይ ቢሆን ሁለቱም ይታረቃሉ።

ምርመራውም መሻሻል አለበት። ፌሮ ላብራቶሪ ሲላክ በአብዛኛው የሚጠየቀው የመሳብና የመታጠፍ ፈተና ነው። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ውስጡ ያለውን ግን አይናገርም። ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ ብረቱን በብልጭታ አቃጥሎ ከሚወጣው ብርሃን መዳቡንና ቲኑን ከነመጠኑ ያነባል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድበት ነው። መደበኛ ማቅለጫ ሁሉ በየቅልጡ ይህን ሊያደርግ ይገባል። ለትልልቅ የከተማዋ ግንባታዎች ፌሮ የሚገዛ አካል የመዳብና የቲን ቁጥር የተጻፈበት የፋብሪካ ማረጋገጫ ቢጠይቅ ከመብቱ አያልፍም።

የኤሌክትሪክ መኪናው ሲያረጅ

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ውዳቂ የመለየቱ ሥራ ባለበት ከቀጠለ የሚጠራቀመው መዳብ እ.ኤ.አ. በ2050 አካባቢ ዓለም በፌሮና በመሳሰሉት ልትውጠው ከምትችለው በላይ እንደሚሆን ገምቷል። እስከዚያ ድረስ ማቅጠን ያስኬዳል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀበለው ዕቃ አይኖርም።

ለእኛ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ዞራለች። የኤሌክትሪክ መኪና 80 ኪሎ ገደማ መዳብ ይይዛል፤ የነዳጁን ሦስት እጥፍ በላይ። እነዚህ መኪኖች ዛሬ አዲስ ናቸው። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ግን ውዳቂ ይሆናሉ፣ ፌሮ ሊሆኑም ወደ ምድጃ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ሞተራቸውንና ገመዳቸውን የሚፈታ ሙያተኛ፣ የሚፈታበት ቦታና የሚከፍለው ሰው ካልተዘጋጀ፣ በአንድ ቶን ብረት ውስጥ የሚገባው መዳብ ዛሬ ከምናውቀው በብዙ ይበልጣል። የመኪና መፍቻ ቦታ ፈቃድ፣ የሥልጠናና የዋጋ ደረጃ ሥራ ከአሁኑ ቢጀመር ገና ጊዜ አለ። ጎንደር በመኪና ጥገና የተካኑ ባለሙያዎች አሏት፤ የመተማን መንገድ ይዞ የሚመጣው ጭነትም አሮጌ መኪና አያሳጣትም። ይህን ሥራ ከሚጀምሩት ከተሞች አንዷ ልትሆን የማትችልበት ምክንያት አይታየኝም።